ከተዘጋ የአየር ኃይል ሰፈር የተረፉ ሰነዶች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ ምላሾች

ባለፉት ወራት ለዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይመካከሩ፣ አንድ ጉዳይ አንሥተዋል፤ ይኸውም ሥራ ያቆሙ ወታደራዊ የአየር ኃይል ሰፈሮች ትተዋቸው የሄዱ መዛግብት እንዴት ይጠበቁ የሚል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን ከምላሾቹ ጋር አቅርበናል። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሌሎቹም መሠረት ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ከብዙ ዓመታት በፊት በተዘጋ አንድ የአየር ኃይል ሰፈር ያገለገሉ ቴክኒሻኖችና የታሪክ ወዳጆች ያቋቋሙት አነስተኛ ኮሚቴ አባል ነኝ። የሰፈሩ ሕንፃዎች ለአዲስ ባለይዞታ ሊተላለፉ ስድስት ሳምንት ቀርቷቸዋል። የሚመለከተው አካል የተረፈውን ሰነድ እንድናወጣ በጽሑፍ ፈቅዶልናል። በቀድሞው የዘመቻ ክፍል ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ ክላሰሮች፣ በጥገና ሃንጋሩ ቢሮ በገመድ የታሰሩ ፋይሎች፣ በመቆጣጠሪያ ማማው ምድር ቤት ደግሞ እርጥበት የነካቸው መዝገቦች አሉ። ሁሉንም ወደ አንድ አዳራሽ አጓጉዘን በዓመተ ምሕረትና በርዕስ ልንለያቸው አስበናል። ከየት እንጀምር?

ምላሽ፦ ከደብዳቤዎ መጨረሻ ልነሣ። በዓመተ ምሕረትና በርዕስ የመለየቱን ዕቅድ እባክዎ ይተዉት። ሥራ የተሠራ ያስመስላል እንጂ መዛግብትን በማጥፋት ረገድ ከእርጥበትና ከአይጥ የማይተናነስ ልማድ ነው። እርጥበት የነካውን ወረቀት ማድረቅ ይቻላል፤ ከቦታው ተነሥቶ የተደባለቀን ፋይል ግን ወደ ቀድሞ ሥርዓቱ የሚመልሰው የለም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አግኝቼው አይደለም። በሙያው ጀማሪ ሳለሁ የተረከብነውን አንድ ክምችት ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን ቅደም ተከተል ደርድሬ፣ በሥራዬም ኮርቼ፣ በመጨረሻ አንድ ተመራማሪ መጥቶ «ይህ ደብዳቤ የተገኘው ከየትኛው ቢሮ ፋይል ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልስ አጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን መልቀም እንኳ አልቻልኩም።

ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ ላሳይ። በጥገና ሃንጋሩ ፋይል ውስጥ፣ በአንድ የሞተር ብልሽት ሪፖርትና በአንድ የመለዋወጫ መጠየቂያ ቅጽ መካከል፣ የዚያን ዕለት የአየር ጠባይ መግለጫ ተሰክቶ ቢያገኙ፣ ያን ብጣሽ ወረቀት እዚያ ያስቀመጠው ሰው አንድ ነገር ጠርጥሯል ማለት ነው፤ ምናልባት በረዶ ወይም አቧራ ሞተሩን ጎድቶት ይሆናል። ጥርጣሬው የትም አልተጻፈም። የሚታወቀው ወረቀቱ ካለበት ቦታ ብቻ ነው። እናንተ ወረቀቱን አውጥታችሁ «የአየር ጠባይ» ከሚለው ክምር ላይ ብትጨምሩት፣ ከሺህ መግለጫዎች አንዱ ይሆናል፤ ጥርጣሬውም ከነጠርጣሪው ይጠፋል። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1841 የወጣ መመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት ሰነዶች ከሌላው ጋር ሳይቀላቀሉ አብረው እንዲቀመጡ ያዘዘው፣ ሦስት የኔዘርላንድስ የመዛግብት ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተሙት መማሪያ ውስጣዊ አቀማመጡ ጭምር እንዲከበር የደነገጉት ከዚህ ዓይነቱ ጉዳት ተምረው ነው። ዛሬም በየትኛውም ቤተ መዛግብት የሚሠራበት ይኸው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ምንም ነገር አለማንሣት ነው፤ ከማማው ምድር ቤት በስተቀር፣ ወደ እሱ ኋላ እመለሳለሁ። እያንዳንዱን ክፍል ከበሩ ላይ ሆናችሁ፣ ከዚያም እያንዳንዱን መደርደሪያ ፊት ለፊት ፎቶግራፍ አንሡ። ለክፍሎቹ፣ ለቁም ሳጥኖቹና ለመደርደሪያዎቹ ቁጥር ስጡ። በእያንዳንዱ ክላሰር ውስጥ «ዘመቻ ክፍል፣ ክፍል 3፣ ቁም ሳጥን 2፣ ከላይ 1ኛ መደርደሪያ፣ ከግራ 7ኛ» የሚል በእርሳስ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት አስገቡ። እስክሪብቶ ከክፍሉ ይውጣ፤ ቀለሙ በእርጥበት ይፈሳል፣ የተሳሳተውንም መልሶ ማጥፋት አይቻልም። ይህን ቁጥር በዝርዝር መዝገባችሁ ላይ ካሰፈራችሁ በኋላ ነው ሰነዱ በካርቶን የሚታሸገው፤ በካርቶኑም ላይ ያው ቁጥር ይጻፋል። አንድ ሰው ብቻ ዝርዝሩን ይያዝ፤ ሁለት ሰው በሁለት ደብተር የያዘውን ዝርዝር ኋላ ለማስታረቅ የሚፈጀው ጊዜ ከማሸጉ ጊዜ ይበልጣል።

የማማው ምድር ቤት ግን ፋታ አይሰጥም። ሻጋታ በረጠበ ወረቀት ላይ ለመብቀል ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከ65 በመቶ በላይ ሲቆይም ወረቀቱ ውኃ ሳይነካው ሊበቅል ይችላል። እዚያ ያሉት መዝገቦች ሲነኳቸው እርጥብ ከሆኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ገብተው በበረዶ መልክ መቆየት አለባቸው፤ ይህ ሻጋታውን ባይገድለውም እንዳያድግ አድርጎ ለባለሙያ ጊዜ ይገዛል። እርጥበት ያላቸው ብቻ ከሆኑ በንጹሕ ጠረጴዛ ላይ በከፊል ተከፍተው፣ አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ውስጥ፣ ቬንቲሌተሩ በቀጥታ ሳይነፍስባቸው ይድረቁ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወረቀቱን ያኮማትራል፤ ቀለሙንም ያደበዝዛል። በተለይ አደራ የምለው፣ የሻገተውን በብሩሽ ለመጥረግ አትሞክሩ፤ ዱቄቱ ወደ ንጹሐኑ ክላሰሮችና ወደ ሳንባችሁ ይሄዳል። ጥሩ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና የእጅ ጓንት አድርጋችሁ የሻገተውን ለብቻው አሽጉ። እነዚህም ቢሆኑ ከመነሣታቸው በፊት ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱበት ሌላ ነገር አለ። ካርቶን ሲያጥር፣ ጊዜም ሲጠብ፣ የአውሮፕላን ፎቶግራፎችና የአዛዦች ደብዳቤዎች ይመረጡና የነዳጅ ማደያ መዝገብ፣ የተረኛ ዝርዝር፣ ዕለታዊ ትዕዛዝና የውኃ ቧንቧ ፕላን «ተራ ወረቀት» ተብለው ይቀራሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በተነሣው ቃጠሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ የወታደሮች የግል ማህደሮች ጠፍተዋል። ከእነዚህም ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1947 እስከ 1964 መጀመሪያ ከአየር ኃይሉ ከተሰናበቱት ሰዎች ማህደር ሦስት አራተኛ ያህሉ ይገኝበታል፤ ስማቸው በፊደል ተራ መጀመሪያ ላይ ያሉቱ ግን ተርፈዋል። ቅጂ አልነበራቸውም፤ ማውጫ እንኳ አልተዘጋጀላቸውም። ከዚያ በኋላ የአገልግሎት ዘመኑን ማረጋገጥ ያቃተው ሰው ጡረታውንና ሕክምናውን ያገኘው ከደመወዝ መክፈያ፣ ከክፍል ዕለታዊ ሪፖርትና እነዚህን ከመሰሉ፣ በሌላ ቦታ ተቀምጠው ከተረፉ ተራ ወረቀቶች ነው።

ፕላኖቹና የእሳት አደጋ ክፍሉ መዝገቦችም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለነዳጅ እሳት ማጥፊያ ሲሠራበት የቆየው አረፋ በአፈርና በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለረጅም ዘመን የሚቆይ የፍሎሪን ውህድ ነበረበት። ሰፈሩን የሚረከበው አካል የማጥፋት ልምምዱ በየትኛው ሜዳ ይካሄድ እንደነበር፣ የነዳጅ ታንከሮቹም በየት በኩል እንደተቀበሩ የሚያውቀው ከእነዚያ ወረቀቶች ነው። ለአዲሱ ባለይዞታ ይህን ብትነግሩት ስድስቱ ሳምንት ስምንት ይሆን ይሆናል።

ሁለት አጫጭር ማሳሰቢያዎች ልጨምር። «ይህኛው ኮፒ ነው» ብላችሁ የምትጥሉት ቅጂ በኅዳጉ ላይ የአዛዡ ማስታወሻ ሊኖርበት ይችላልና ማስወገድ የዚህ ስድስት ሳምንት ሥራ አይሁን። ሁለተኛ፣ የተሰጣችሁ ፈቃድ ሰነዶቹን ለማውጣት ይሁን ወይስ ባለቤት ለመሆን ደብዳቤውን ደግማችሁ አንብቡ። የመንግሥት መዝገብ ቦታ ስለለወጠ ባለቤት አይለውጥም፤ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን ከወዲሁ ማሳወቁ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ያድናል።

ጥያቄ፦ ከአንድ የቀድሞ ሰፈር የፎቶግራፍ ክፍል በቆርቆሮ ቆርቆሮ የታሸጉ የአየር ላይ ፊልም ጥቅልሎች ተረክበናል። ከፊሎቹ ሲከፈቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታሉ። አብረዋቸው በሰማያዊ ወረቀት ላይ በነጭ መስመር የተሠሩ የሃንጋር ፕላኖች አሉ። አንድ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል?

ምላሽ፦ አይቻልም፤ ፊልሞቹንም ቢሆን እርስ በርሳቸው መለየት ይኖርብዎታል። የሚሸትዎት በእርግጥም ኮምጣጤን ኮምጣጤ ያሰኘው አሲድ ነው። ፊልሙ የተሠራበት የሴሉሎስ አሴቴት ፕላስቲክ ሲፈርስ አሲዱን ያወጣል፤ አሲዱም ራሱ ፍርሰቱን ያፋጥናል፤ ጎረቤት ጥቅልሎችንም ይለክፋል። ፕላስቲኩ ሲኮማተር ምስሉን የያዘው ስስ ሽፋን እንደ ተጨማደደ ቆዳ ይነሣል። የጀመረውን ማስቆም የሚችል መድኃኒት የለም፤ ቅዝቃዜ ግን እጅግ ያዘገየዋል። ስለዚህ የሚሸቱትን ወደ ሌላ ክፍል አውጥታችሁ፣ ቁጥራቸውንና በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሁሉ መዝግባችሁ፣ በቅድሚያ እንዲገለበጡ አድርጉ፤ የቀሩትም እርጥበት በማያስገባ መጠቅለያ ታሽገው በቀዝቃዛ ቦታ ይቆዩ። ጥቅልሉን ከጎኑ ወደ ብርሃን ይዘው ሲያዩት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ፖሊስተር ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ መሆኑን ያመለክታል፤ እሱ ረጅም ዕድሜ አለውና አያስጨንቅዎ።

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተነሡ ጥቅልሎች ካሉ ግን የናይትሬት ፊልም ሊሆኑ ስለሚችሉ ጥንቃቄው ሌላ ነው። ቢጫ መሆን፣ መጣበቅ፣ ቡናማ ዱቄት መውጣት ምልክቶቹ ናቸው። ናይትሬት የሚነድበትን ኦክስጅን ከራሱ ስለሚያወጣ ውኃ ውስጥም ሆኖ ይነዳል። «በክብሪት እንሞክረው» የሚል ሰው ከመካከላችሁ ካለ ቆርቆሮውን ከእጁ ተቀበሉትና ለእሳት አደጋ መከላከያ ደውሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከፊልሙ በላይ ፈልጉ። የአየር ላይ ካሜራ ጥቅልል ብዙውን ጊዜ ስፋቱ 24 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ምስል ጠርዝ ላይ የሰዓት፣ የከፍታ መለኪያና የተራ ቁጥር ምልክቶች ይታያሉ፤ ሲገለበጥ ጠርዙ መቆረጥ የለበትም። የበረራው መስመር የተሰመረበት ካርታም በሌላ መደርደሪያ ይኖር ይሆናል። ካርታው ከተገኘ ምስሎቹ የየትኛው ሸለቆ እንደሆኑ ይታወቃል፤ ካልተገኘ ግን የማንኛውም ሸለቆ ናቸው። በጀርመን እስከ ዛሬ ድረስ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት ያልፈነዱ ቦምቦች የሚፈለጉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የተነሡ የአየር ላይ ፎቶግራፎችን በማየት ነው፤ ያለ ካርታና ያለ ቀን እነዚያ ፎቶግራፎች ለዚህ ሥራ ባልዋሉም ነበር።

ሰማያዊዎቹ ፕላኖች ሁለት ጠላት አላቸው፤ አንዱ ብርሃን ነው፣ ሁለተኛው ለሌሎች ወረቀቶች መልካም የሆነው፣ አልካሊ (አሲድን የሚያመክን ንጥረ ነገር) የተጨመረበት የማህደር ወረቀት ነው። ሰማያዊው ቀለም በአልካሊ ይጠፋልና ተጨማሪ ነገር በሌለው ንጹሕ ወረቀት መካከል፣ ተዘርግተው፣ በጨለማ ይቀመጡ። ፕላስቲክ ማልበስና ስኮች መለጠፍ ለጊዜው ጠንካራ ያስመስላቸዋል፤ ከዓመታት በኋላ ግን ሙጫው ራሱ የማይነሣ ቡናማ ዕድፍ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሰነዶቹን በሙሉ ስካን ለማድረግ በጎ ፈቃደኞች አግኝተናል። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቶቹን ማስወገድ እንችላለን? የማከማቻ ቦታ ችግራችን ከባድ ነው።

ምላሽ፦ አትችሉም። ስካን የወረቀቱን ድካም ይቀንሳል፣ ሩቅ ላለ አንባቢ ያደርሳል፤ ወረቀቱን ግን አይተካም። ከታች ያለውን ጽሑፍ ለመሸፈን የተለጠፈ ቁራጭ፣ በእርሳስ ተጽፎ በላስቲክ የጠፋ ቁጥር፣ የማኅተሙ ጉድጓድ በስካን አይታይም። ደግሞም የኮምፒውተር ፋይል ተንከባካቢ ይፈልጋል። አንድ ክላሰር በደረቅ ክፍል ውስጥ ለ50 ዓመት ቢረሳ ይገኛል፤ ሃርድ ዲስክ ለ50 ዓመት ተረስቶ ቢገኝ ግን የሚከፍተው መሣሪያ መኖሩ ያጠራጥራል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ላይ ይሁኑ፤ አንዱም ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። የእያንዳንዱ ፋይል ስም በመጀመሪያው ምላሻችን የተጠቀሰው የቦታ ቁጥር ይሁን። ለተራ ጽሑፍ በአንድ ኢንች ከ300 እስከ 400 ነጥብ ይበቃል፤ ለፊልም አይበቃም።

ቅደም ተከተሉም ከፎቶግራፎቹ ሳይሆን በራሳቸው ከሚጠፉት ይጀምር። በሙቀት የሚያትም የፋክስ ወረቀት መሳቢያ ውስጥም እየነጣ ይሄዳል። የማማው የድምፅ ቴፖችም አሉ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ደንብ መሠረት የበረራ ቁጥጥር ንግግር ቅጂ ቢያንስ ለ30 ቀን መቆየት አለበት፤ ከዚያ በኋላ በዚያው ቴፕ ላይ ሌላ መቅዳት የተለመደ ነበር፤ በወታደራዊ ማማዎችም ልማዱ ተመሳሳይ ነው። እንግዲህ ሳይጠፋ የተረፈ ቴፕ ካገኛችሁ፣ አንድ ሰው ሆን ብሎ ከዙሩ አውጥቶታል ማለት ነው፤ ያወጣበትም ምክንያት ብዙ ጊዜ አደጋ ነው። ባረጀ ማጫወቻ አትሞክሩት፤ ሙጫው የላላ ቴፕ አንዴ ሲሽከረከር ድምፁን የያዘው ሽፋን በመሣሪያው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ለባለሙያ ስጡ።

ጥያቄ፦ ሟቹ አባቴ አብራሪ ነበር። የበረራ መዝገቡና ጥቂት ደብዳቤዎች በእጄ ይገኛሉ፤ ሁለቱ ደብዳቤዎች «ምስጢር» የሚል ማኅተም አለባቸው። ለሚቋቋመው ማህደር ልሰጥ እፈልጋለሁ። በነገራችን ላይ በመዝገቡ ላይ ያሉት ሰዓቶች እናቴ ከምታስታውሰው ጋር አይገጥሙም፤ አባቴ ተሳስቶ ይሆን?

ምላሽ፦ በመጨረሻው ልጀምርና፣ አባትዎ የተሳሳቱ አይመስለኝም። ከቁጥሮቹ ቀጥሎ ወይም በዓምዱ ራስ ላይ «ዜድ» የምትባለዋን የላቲን ፊደል ይፈልጉ። አብራሪዎች «ዙሉ» እያሉ የሚጠሯት ይህች ፊደል ሰዓቱ የተመዘገበው በአካባቢው አቆጣጠር ሳይሆን ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው የጋራ ሰዓት መሆኑን ታመለክታለች። ልዩነቱ በእያንዳንዱ መስመር ላይ እኩል ከሆነ እናትዎም አባትዎም ልክ ናቸው። እኩለ ሌሊት አካባቢ በተደረጉ በረራዎች ደግሞ ቀኑ ራሱ በአንድ ሊለያይ ይችላል፤ አንድን በረራ ከማማው መዝገብ ጋር ስታመሳክሩ ይህ እንዳያሳስታችሁ። ይህን ማብራሪያ በእርሳስ በተለየ ወረቀት ጽፈው አብረው ያስረክቡ፤ በመዝገቡ ላይ ግን አይጻፉ።

ምስጢር የሚለው ማኅተም ዕድሜ ስለገፋ ብቻ አይሽርም። የሚሽረው ማኅተሙን የመታው አካል ወይም ተተኪው በጽሑፍ ሲያነሣው ነው። ስለዚህ ሁለቱን ደብዳቤዎች ፎቶግራፍ አንሥተው ለማንም አይላኩ፤ በፖስታ አሽገው የሰነዱን ቀንና ቁጥር ብቻ ጠቅሰው ለመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ይጻፉ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው መልስ ይዘቱ ምስጢርነቱን ካጣ መቆየቱን የሚገልጽ ነው፤ እስኪመጣ ግን ይጠብቁ።

ሲያስረክቡም ስጦታ ይሁን ወይስ አደራ በጽሑፍ ይለይ። በአደራ የተቀመጠ ነገር ባለቤቱ እርስዎ ኖት፤ ማህደሩ ቢፈርስ የሚመለሰው ለእርስዎ ነው። አዲስ ለሚቋቋም ድርጅት የምመክረው አደራን ነው፤ የድርጅቱ ሰዎች ቅር ሊሰኙ ይችላሉ፤ ይሁን። በደብዳቤዎቹ ውስጥ በሕይወት ያለ የሌላ ሰው ሕመም ወይም ቅጣት ተጠቅሶ ከሆነ ለተወሰነ ዘመን ለአንባቢ እንዳይቀርብ ሊጠይቁ ይችላሉ። የጊዜው ርዝመት እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአሜሪካ ለምሳሌ የአንድ ወታደር የግል ማህደር ለማንም ክፍት የሚሆነው ከተሰናበተ 62 ዓመት ሲሞላው ነው።

ጥያቄ፦ ከሰነዶቹ ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ያረጁ የአውሮፕላን የመለኪያ ሰዓቶች አገኘን። ቁጥሮቻቸው በጨለማ ያበሩ ነበር ይባላል፤ አሁን ግን አያበሩም። ከማህደሩ ጋር ለእይታ ብናስቀምጣቸው ጉዳት አላቸው?

ምላሽ፦ አለማብራታቸው አያታልላችሁ። የድሮዎቹ ቀለሞች በራዲየም የሚሠሩ ነበሩ። የሚጠፋው ብርሃኑን የሚሰጠው የዚንክ ሰልፋይድ ዱቄት ነው፤ ራዲየሙ ግን ግማሹ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ይፈጅበታል። መስተዋቱ የተሰነጠቀውን አትክፈቱ፤ አትጥረጉ፤ በላስቲክ ከረጢት አሽጋችሁ ሰው ከማይቀመጥበት ክፍል አኑሩና ጨረራን የሚቆጣጠረውን መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ጥሩ። ሳጥኑ ውስጥ አብረዋቸው የነበሩት ወረቀቶችም ብናኙ ደርሷቸው ሊሆን ስለሚችል እስኪለኩ ድረስ ከሌሎቹ ይለዩ። መለኪያዎቹ ቢወሰዱ እንኳ ባሉበት ሳጥን ውስጥ ሳሉ የተነሣ ፎቶግራፍና በጀርባቸው ያለው መለያ ቁጥር በዝርዝር መዝገባችሁ ላይ ይቅር፤ ከጥገና ካርዶቹ በአንዱ ላይ ያው ቁጥር ይገኝ ይሆናል።